የቀለም ብክነታችንን ላስቆሙልን የኮምቦልቻው ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በደሴ ከተማ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። የምንሠራበት ማሽን ጂቲኦ 52 የሚባል ባለ አንድ ቀለም የኦፍሴት ማተሚያ ሲሆን የሠርግ ካርድ፣ ደረሰኝና ካላንደር እናትምበታለን። ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ከኮምቦልቻ እየተመላለሱ ትልቅ ውለታ የዋሉልንን አንድ አንጋፋ የኦፍሴት ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና እንደኔ በቀለም ወጪ ለተማረሩ የሙያ ባልደረቦቼ ለመጠቆም ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ቀለም ዋጋው እየናረ ሲሄድ፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ሥራው ሳይጋመስ የሚያልቅበት ምክንያት እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ነበር። ቀድሞ ያየልን ሌላ ባለሙያ ሮለሮቹ (ቀለሙን የሚያሰራጩት የማሽኑ ተሽከርካሪ ጥቅሎች) በሙሉ ካልተቀየሩ መፍትሔ እንደሌለው ነግሮን ስለነበር፣ ለዚሁ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬ ነበር።

እኒህ ሰው ግን ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት የቆሻሻ በርሜሉን እንድናመጣላቸው ጠየቁ። የተጣለውን የደረቀ ቀለም አንድ በአንድ እያነሱ ካዩ በኋላ የተከፈተውን ቆርቆሮ አስመጡ፤ መሃሉ እንደ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ወፍራም ቆዳ ይዞታል። «ልጄ፣ ቀለም ከላይ ከላይ ተገፎ ይወሰዳል እንጂ አይቆፈርም» አሉኝ። በቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ እየደረቀ ቆዳ ስለሚሠራ፣ ጉድጓድ በቆፈርን ቁጥር ለአየር የሚጋለጠውን ገጽ እናሰፋለን ማለት ነው። የቀለሙን ፊት በስፓቱላ ካስተካከሉ በኋላ በቆርቆሮው ልክ የተቆረጠ ሰም የተቀባ ወረቀት አየር ሳይቀር ለጥፈውበት ክዳኑን ሲገጥሙ ሠራተኞቼ ሁሉ ከበው ያዩ ነበር። የቆዳው ፍርፋሪ ሮለር ላይ ሲገባ በኅትመቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ እየተወ ወረቀት እንደሚያስጥለንም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ስለ ደሴ ብርድ ላስተማሩን ነገር ነው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጠዋት ጠዋት ቀለሙ ይጠጥራል፤ እኛም እንዲላላ ብለን ነጭ ጋዝ እንጨምርበት ነበር። እሳቸው እንዳስረዱን እንዲህ የቀጠነ ቀለም ጉልበቱን አጥቶ ባዶ መሆን ያለበት ቦታ ቀለም እንዳይዝ ከሚያረጥበው የማሽኑ ውሃ ጋር ይደባለቃል፣ ኅትመቱ ይደበዝዛል፣ ማሽኒስቱም ለማድመቅ ሲል ተጨማሪ ቀለም ይለቃል። አሁን ጋዙን ትተን ቀለሙን መስታወት ላይ በስፓቱላ ደጋግመን እናሸዋለን፤ በመታሸቱ ብቻ ይለሰልሳል። ውሃውንም ቀንሰን የአሲድ መጠኑ በፒኤች ከ4.5 እስከ 5.5 መሆኑን በመለኪያ ወረቀት እያየን እንሠራለን።

የአጠባ ልማዳችንንም ለወጡልን። ቀድሞ ሥራ በመጣበት ቅደም ተከተል እያተምን ከጥቁር ወደ ቢጫ ስንመለስ ሮለሩን ሁለትና ሦስት ጊዜ እናጥብ ነበር፣ ያም ሆኖ የመጀመሪያው ቢጫ ቆሽሾ ይደፋል። ዛሬ የቀኑን ሥራዎች ሰብስበን ከቢጫ ጀምረን በቀይና በሰማያዊ በኩል ወደ ጥቁር እንሄዳለን። ለሠርግ ካርድ የሚቀላቀል ልዩ ቀለምም በዓይን ግምት መሆኑ ቀርቶ በግራም ተመዝኖ ልኬቱ ደብተር ላይ ይሰፍራል።

ሮለሮቹን በተመለከተ አንዱን ብቻ አስተካክለው ሌሎቹ ገና እንደሚያገለግሉ ነገሩን፤ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ለወረቀት አዋልኩት። ያስከፈሉን የውሎ ዋጋቸውን ብቻ ነው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የሚመጡት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሲሆን ጥድፊያ አይወዱም፤ ስለዚህ የምትፈልጓቸው ሁሉ የነሐሴው የካላንደር ሥራ ሳይጀመር ቀጠሮ ብትይዙ ይሻላል። ስልካቸው ያለ ፈቃዳቸው እንዲወጣ ስለማልፈልግ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።