የመረጃ ደህንነታችንን መስመር ላስያዙልን አማካሪ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ድርጅታችን በቅርቡ የመረጃ ደህንነት አማካሪ ቀጥሮ ነበር፤ አማካሪዋ ስራቸውን ጨርሰው ሪፖርታቸውን አስረክበውናል። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው። የማንን ድርጅት ማን እንደሚያማክር በይፋ ከታወቀ፣ በእሳቸው ስም ኢሜይል ለሚልክ አጭበርባሪ መንገድ ይከፍታል አሉኝ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ስራቸውን ልናገር፤ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ከእሳቸው በፊት ያነጋገርናቸው ሻጮች በሙሉ ወሬያቸውን የሚጀምሩት ከዕቃው ነበር። ይሄ ፋየርዎል፣ ይሄ ሶፍትዌር፣ ይሄ የዓመት ፈቃድ። አማካሪዋ ግን መጀመሪያ የተቀመጡት ከአይቲ ክፍሉ ጋር እንኳን አልነበረም፤ ከሂሳብና ከንብረት ክፍል ሰራተኞች ጋር ነው። "ይሄ ሲስተም ዛሬ ቢቆም ነገ ምን መስራት ያቅታችኋል? በሳምንቱስ? መረጃው ሳይጠፋ ቁጥሩ ብቻ ቢቀየርባችሁ በምን ታውቃላችሁ?" እያሉ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ። በመጨረሻ ሁላችንም የምንሳሳለት ድረ ገጽ ከዝርዝሩ ወደ ታች ወረደ። ማንም ልብ የማይለው፣ የደመወዝና የክፍያ ፋይል ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ከላይ ተቀመጠ።

ቀጥለው ወደ ስሌቱ ገቡ። አንድ አደጋ ቢደርስ 1 ሚሊዮን ያከስረናል እንበል፤ በ5 ዓመት አንዴ ይደርሳል ተብሎ ከተገመተ የዓመት ድርሻው 200,000 ነው። ይህን ለመከላከል ብቻ በዓመት 300,000 የሚያስወጣ ነገር መግዛት አያዋጣም። ግምቱ ግምት መሆኑን አልደበቁንም። ለእያንዳንዱ ቁጥር ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን፣ ማን እንደገመተውም ጭምር አስጽፈውናል። ጎርደንና ሎብ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሞዴል፣ አንድን መረጃ ለመጠበቅ የሚወጣው ወጪ በዚያ መረጃ ላይ ከሚጠበቀው ኪሳራ 37 በመቶ ገደማ ማለፍ እንደሌለበት ማሳየታቸውንም የሰማነው ከእሳቸው ነው። ሞዴሉ የራሱ ግምቶች እንዳሉት፣ ለሁሉም ቦታ የሚሰራ ሕግ እንዳልሆነ አስጠንቅቀውናል። ቢሆንም ስራ አስኪያጃችን "ስንት ይበቃል?" እያሉ ሲጠይቁ ለኖሩት ጥያቄ መነሻ አገኙ።

ከሁሉም በላይ ያመሰገንኳቸው ግን በባክአፑ፣ ማለትም በመረጃችን መጠባበቂያ ቅጂ ነው። በየሌሊቱ ባክአፕ ይወሰዳል፤ ጠዋት "ተሳክቷል" የሚል ኢሜይል ይደርሰናል። አማካሪዋ ኢሜይሉን አይተው "ጥሩ፤ አሁን ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሱልኝ" አሉ። ፋይሎቹ ተመለሱ፣ የሂሳብ ዳታቤዙ ግን አልከፈት አለ። ለካ ቅጂው የሚወሰደው ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ እየጻፈ ሳለ ነው፤ ከፊሉ ቀደም ብሎ፣ ከፊሉ ዘግይቶ የተቀዳ ፋይል እርስ በርሱ አይገጥምም። የሂሳብ ሰራተኛችን ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ዝም አለች። አማካሪዋ ማንንም አልወቀሱም። ወንበር ስበው ከአይቲ ባለሙያችን ጎን ተቀመጡ፤ ዳታቤዙ በራሱ የባክአፕ ትዕዛዝ እንዲቀዳ አስተካከሉ፤ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር እስኪመሳሰልም ከቦታቸው አልተነሱም።

አንድ ተጨማሪ ቅጂ ደግሞ ከኔትወርክ ተነቅሎ እንዲቀመጥ አዘዙ፤ ለዚህም የሜርስክን ታሪክ አነሱልን። እ.ኤ.አ. ጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ ጥቃት ይህን የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ሲመታ፣ የመላው ኔትወርኩን የተጠቃሚዎች መዝገብ ከያዙት ሰርቨሮች የተረፈው ጋና ቢሮ የነበረው ብቻ ነው። እሱም የተረፈው በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ውጪ ስለነበር ነው። ድርጅቱ ኪሳራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ከምክራቸው ብዙው ምንም ገንዘብ አላስወጣንም። አቅራቢ "የባንክ ሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል" ብሎ ከጻፈ፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በያዝነው ውል ላይ ባለው ስልክ ተደውሎ ሳይረጋገጥ ክፍያ አይወጣም። ሰራተኛ ሲለቅ አካውንቱ በዚያው ቀን ይዘጋል። ከውጭ ወደ ሲስተሙ በሚገባበት መስመር ሁሉ ላይ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ) ተደረገ፤ የአሜሪካው ኮሎኒያል ፓይፕላይን እ.ኤ.አ. በ2021 የተጠቃው ይህ ባልነበረው አንድ የቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ የሚገባበት መስመር) አካውንት በኩል ነበር።

አትግዙ ማለትም ያውቁበታል። ልንፈርምበት የተቃረብነውን የክትትል ሶፍትዌር "ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው ሳትመድቡ አይጠቅማችሁም" ብለው አስቆሙን። ከሻጭ ኮሚሽን እንደማይቀበሉ በራሳቸው ተነሳሽነት ውላችን ውስጥ አስገብተዋል፤ እኔ እስካሁን ሌላ ባለሙያ ይህን ሲያደርግ አላየሁም። መድንም አንስተን ነበር። ግቡ፣ ነገር ግን ቅጹ ላይ የሌላችሁን ጥበቃ አለን ብላችሁ ከሞላችሁ ካሳውን ልትከለከሉ ትችላላችሁ አሉን። ቀንሰነውም ሆነ ለመድን አስተላልፈነው የሚተርፈው ስጋት ደግሞ በዝርዝር ተጽፎ፣ "ተቀብዬዋለሁ" የሚል ሰው በስሙ እንዲፈርምበት አደረጉ። ስራ አስኪያጃችን ብዕር ሲያነሱ ከስጋቶቹ ሁለቱን አልፈርምባቸውም ብለው ወደ በጀት መለሷቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ ደስ አለኝ።

እንግዲህ እወቁት፤ ስራቸው ጊዜ ይወስዳል። የአይኤስኦ 27001 (ዓለም አቀፍ የመረጃ ደህንነት ደረጃ) ሰርተፊኬት በጥድፊያ ለሚፈልግ ድርጅት አይሆኑም። ትንሽ ነን ብላችሁ ግን አትተዉት፤ ጥቂት ሰራተኛ ካላቸው ጋርም ይሰራሉ። ከመገናኘታችሁ በፊት የምትጠቀሙባቸውን ሲስተሞችና የሚገቡባቸውን ሰዎች ዝርዝር አዘጋጁ፤ የሂሳብ ክፍላችሁንም ለስብሰባው ጥሩ፣ ያለ እነሱ አይጀምሩም።

እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን፤ ሁላችንም ከልብ እናመሰግናለን። የምትፈልጓቸው ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።