ደሴ ላይ ለሴቶች የሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ፦ አቤቱታው ጠንካራ፣ የፍርድ አፈጻጸሙ ደካማ

ደሴ ውስጥ በሕግ መምህራንና በመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የሚሠራው የሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ክፍል ከምንም በላይ የሚመሰገነው በሚጽፈው አቤቱታ ነው። ራፖር ጸሐፊ ጋ የሚዘጋጀው የፍቺና የንብረት አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ገጽ ያልቃል፤ «ከልዩ ልዩ የቤት ዕቃዎች ድርሻዬ ይሰጠኝ» ብሎ ያልፋል። ባል «የምን ዕቃ?» ብሎ ሲክድ ሴትዮዋ የምትይዘው የምትጨብጠው ታጣለች። እዚህ ግን ፍሪጁ፣ ቡፌው፣ የልብስ ስፌት መኪናው አንድ በአንድ ይጻፋል፤ መቼ እንደተገዛ፣ ግምቱ ስንት እንደሆነ፣ ሲገዛ ማን እንዳየ ጭምር። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ለባለጉዳይዋ ጮክ ተብሎ ይነበብላታል። «ይህን እኔ አላልኩም» ካለች ዐረፍተ ነገሩ ይሰረዛል። ፊደል ላልቆጠረች እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግርጌው ላይ «የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው» ብላ የምታረጋግጠው ራሷ ናት፣ ችሎት ፊት የሚጠየቀውም አፏ ነው።

ሕግ አውጪውንና የሴቶችን አቤቱታ አንድ ላይ ማገናኘት ብዙ የተለፋበት ነው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በዳኝነት ሠርተው፣ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ በሕግ አማካሪነት አገልግለው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሙያ አጋሮቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ነጻ ምክር ይሰጥ ነበር፤ ሕጉ እንዲለወጥም ይወተውት ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ትዳር ትችል ነበር፤ በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም ሻረ፣ ዕድሜውንም 18 አደረገ። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት የድሮው የወንጀል ሕግ ቀዳዳም ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ተዘጋ። ወይዘሮ መዓዛ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

የደሴ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ብቻ ሳይሆን ልዩነቱንም በደንብ ተምረዋል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 213/1992 ነው፤ ደሴ ችሎት ላይ የሚሠራው ግን የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995 ነው። ከኢንተርኔት የተገለበጠ አቤቱታ የፌዴራሉን አንቀጽ ጠቅሶ ሲመጣ እዚሁ ይታረማል። ሌላም ለወሎ የሚበጅ ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ቀን ይጠይቃሉ፦ ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል ወይ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ሴትዮዋ ፈቅዳ ከሆነ አካሄዱ ሌላ ነው፤ ሳትፈቅድ የተጀመረ ከሆነ ቶሎ መቃወም አለባት።

ሲሄዱ መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል። የጋብቻ ወረቀት የሌላት አትቅር፤ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ የሚያውቁ ሰዎችን ስምና አድራሻ ይዛ ትምጣ። የባልየው አድራሻ «ሆጤ፣ መስጊዱ አካባቢ» ተብሎ ከተጻፈ መጥሪያው ሳይደርስ ይመለሳል፣ ቀጠሮውም ይገፋል። ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የሥራ ቦታና ስልክ ይሻላል። ቤቱ እንዳይሸጥ የሚጠየቀው እግድም ከአቤቱታው ጋር አብሮ ይገባል፤ ትእዛዙ ሲወጣ ግን ደብዳቤውን በዚያው ቀን ማዘጋጃ ቤት አስገብቶ ቅጂው ላይ ማኅተም ማስመታት ነው። ትእዛዙ ቦርሳ ውስጥ ከዋለ ካርታው በሌላ ስም ሊዞር ይችላል።

የክፍሉ አንዱ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማትችል ሴት በድህነት ለመክሰስ እንዲፈቀድላት የቀበሌ ማስረጃና የንብረቷን ዝርዝር በቃለ መሐላ ማቅረብ አለባት። ይህ የሚነገራት አቤቱታው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው። ከኩታበር ወይም ከተንታ ለመጣች ሴት ሌላ የትራንስፖርት ወጪና ሌላ የሥራ ቀን ማለት ነው። በር ላይ አንድ ወረቀት ቢለጠፍ ይበቃ ነበር።

ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚመጡ ሠራተኞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይተው ይደርሳሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከሥራ የተባረረች ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብላ የምትከሰው በ3 ወር ውስጥ፣ ያልተከፈላትን ደመወዝ የምትጠይቀው በ6 ወር ውስጥ ነው። «አስተዳደሩ ይመልስሻል ብሎኛል» እየተባለ ሦስቱ ወር ያልፋል። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ክፍሉ ይህን በቃል ከመንገር አልፎ ለአሠሪው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሳይካሰሱ የሚያልቁ ጉዳዮች አሉ።

ትልቁ ድክመት አፈጻጸም፣ ማለትም የተፈረደውን ማስከፈል ነው። ፍርዱ ከወጣ በኋላ ክፍሉ መዝገቡን ይዘጋዋል፤ ሴትዮዋ ቀለብ የተፈረደበትን ወረቀት ይዛ ተመልሳ ራፖር ጸሐፊ ጋ ትሄዳለች። የአፈጻጸም ማመልከቻ የመዝገቡን ቁጥር፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን፣ እስካሁን የተከፈለውንና ቀሪውን ገንዘብ፣ ከየትኛው ንብረት እንደሚከፈል መግለጽ አለበት። አባትየው ደመወዝተኛ ከሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ተጽፎ ከደመወዙ ይቆረጣል። ነጋዴ ወይም ሾፌር ከሆነ ግን የሱቁን አድራሻ ወይም የሰሌዳውን ቁጥር ፈልጋ ማምጣት የሷ ፋንታ ነው፤ በትክክል እርዳታ የሚያስፈልጋት እዚህ ላይ ነበር። ውዝፍ ቀለብ ሳይጠየቅ ሲከራርም መብቱ ሊቀር ስለሚችል ፋታም የላትም። የሕግ ትምህርት ቤቱ አቤቱታ መጻፍን እንደሚያስተምር ሁሉ ተማሪዎቹን እስከ አፈጻጸም ችሎት ማውረድ አለበት።

ፍርዱ ከሷ በተቃራኒ የወጣ እንደሆነ የውሳኔውን ግልባጭ ወዲያው ታውጣ፤ በቤተሰብ ክርክር የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ነው። በሌለችበት የተፈረደባት ከሆነ ፍርዱ እንዲነሣላት የምታመለክተው ፍርዱን ባወቀች በ1 ወር ውስጥ ነው። ክፍሉ ሁለቱንም ይጽፋል፣ ጥሩ አድርጎም ይጽፋል። ክረምት ላይ ተማሪዎቹ ስለሚበተኑ ግን የሚገኙት ጥቂት መምህራን ብቻ ናቸው፤ ከሐምሌ በፊት መድረስ ይሻላል።