የጉልበት ሎሚ ሲሰበር፦ ሽቦ፣ ብሎን ወይስ ፕሌት?

አክስቴ ደረጃ ላይ ወድቃ የጉልበቷ ሎሚ ለሁለት ተከፈለ። ሐኪሙ ራጁን አሳዩንና «በሽቦም ይታሰራል፣ በብሎንም ይያዛል። ዋጋቸው ስለሚለያይ ተመካከሩ» አሉን። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ተያየን። ምን ይዘን እንመካከር? ያን ቀን ማወቅ የነበረብንን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን፣ ለመሆኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል? ሐኪሙ በጀርባ ያስተኙና «ጉልበትህን ሳታጥፍ እግርህን አንሳ» ይላሉ። ተረከዙ ከአልጋው ከተነሳና ስብራቱ ራጅ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተራራቀ፣ ብዙ ጊዜ ጀሶ ወይም ብሬስ (ጉልበትን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ የሚታሰርና የሚፈታ ድጋፍ) ይበቃል። ጉልበቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀጥ ብሎ ይቆያል። እንዲህ ከሆነ ብረት አያስፈልጋችሁም። ሎሚያቸው ከተፈጥሮው ሁለት ክፍል የሆነ ሰዎችም አሉ። ክፍተቱ ከላይ በውጭ በኩል ባለው ጥግ ላይ ስለሚታይ ስብራት ይመስላል። ጥርጣሬ ካለ የሌላኛውን ጉልበት ራጅ ማየት ይረዳል።

ከተራራቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጭን ጡንቻ የላይኛውን ስባሪ ወደ ላይ ይጎትታል። የታችኛው ደግሞ በጅማት ከቅልጥም ጋር ታስሮ ይቀራል። ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ይህን ጀሶ ብቻውን አይመልሰውም፤ የወጌሻ እጅም አይመልሰውም። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ጉልበት አታሳሹ። ስብራቱ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባችሁ።

አሁን ወደ ምርጫው። ሽቦው ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ዘዴ ነው። ከ1.6 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ሁለት ፒኖች (ቀጫጭን የብረት ዘንጎች) ከላይ ወደ ታች አጥንቱን ያልፋሉ። ከዚያ ሽቦ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ከፊት ለፊት ይጠመጠማል። አሠራሩ ድንቅ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ስባሪዎቹን ከፊት ሊለያይ የነበረው ጉተታ፣ በሽቦው ምክንያት ከጀርባ በኩል አንዱን በሌላው ላይ ወደሚጫን ኃይል ይለወጣል። ዋጋው ዝቅ ይላል፣ በቀላሉ ይገኛል፣ የአጥንት ሐኪሞችም በደንብ ያውቁታል። አግድም ለሁለት ለተሰበረ ሎሚ በጥሩ እጅ ከተሠራ ያድናል።

ችግሩ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ሎሚ ላይ ሥጋ የለም። የሽቦው ቋጠሮና የፒኑ ጫፍ ከቆዳ ሥር ይወጋሉ። ፒኑ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ የሚንሸራተትበት ጊዜም አለ። አክስቴ አጥንቷ ድኖ ሳለ መስገድ አቃታት። ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሌሎቹ ሲሰግዱ ማየቷ ከስብራቱ በላይ አሳዘናት። በመጨረሻ ሽቦውን ለማስወጣት ዳግም ኦፕራሲዮን ሆነች። ይህ የእሷ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ ለዚሁ የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በጉልበቱ የሚሰግድ ወይም ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

ብሎኑ እዚህ ላይ ይሻላል። 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍሩ፣ መሐላቸው ክፍት የሆነ ሁለት ብሎኖች ይገባሉ። ሽቦው በውስጣቸው አልፎ ከፊት ይታሰራል። በላቦራቶሪ ሙከራ ከፒንና ሽቦው የበለጠ ጥንካሬ አሳይቷል። ጫፉ አጥንት ውስጥ ስለሚቀር የሚወጋውም ያነሰ ነው። በሽቦው ፋንታ የማይሟሟ ጠንካራ ክር ሲታሰር ደግሞ ለማስወጣት የመመለሱ ነገር የበለጠ ይቀንሳል። ግን ስባሪዎቹ ብሎን ለመያዝ የሚበቁ ትልልቅ መሆን አለባቸው። ብሎኑም ከአጥንቱ ካለፈ ሽቦው ጫፉ ላይ እየተፋተገ ሊበጠስ ስለሚችል፣ ልኬቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋጋው ይጨምራል፤ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥም የራጅ ማሽን ያስፈልጋል። ለሁለት ለተከፈለ ሎሚ አቅም ካለ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ፕሌት ለተሰባበረ ሎሚ ነው። ስስ ብረት በ2.4 ወይም በ2.7 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ብዙውን ስባሪ አንድ ላይ ይይዛል። ውድ ነው። ለቀላል ስብራት «ዘመናዊ ነው» ተብሎ ብቻ የሚገዛ አይደለም። በተሰባበረ አጥንት ላይ ግን ገንዘቡ ይገባዋል። ሲቲ ስካን ራጅ ያላሳየውን ስባሪ ስለሚያሳይ፣ ከመወሰን በፊት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ስኳር ያለበት ወይም የሚያጨስ ሰው ቁስሉ ለመዳን ሊዘገይ ስለሚችል ይህንንም ያንሳ።

የታችኛው ጫፍ ብቻ ከደቀቀ ሐኪሙ ፍርፋሪውን አውጥተው ጅማቱን ከቀሪው አጥንት ጋር ሊሰፉት ይችላሉ። ሎሚውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሎሚ ለጭን ጡንቻ እንደ መፈንቀያ ድጋፍ ያገለግላል፤ ሲወጣ እግር የመዘርጋት ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ ከተባላችሁ ሌላ የአጥንት ሐኪምም አማክሩ።

ስለ ዋጋ ስትነጋገሩ የብረቱን ብቻ አትስሙ። ፊዚዮቴራፒው ስንት ነው? ምናልባት በኋላ ብረቱን ማስወጣት ቢያስፈልግስ? እኛ ያልደመርነው ይህንን ነበር። «ጉልበቱ መቼ መታጠፍ ይጀምራል?» ብላችሁም ጠይቁ። አጥብቆ የማሰሩ ትልቁ ጥቅም ቶሎ መንቀሳቀስ ነው። በደንብ የተያዘ ሎሚ ብዙ ጊዜ በብሬስ ቀጥ ተደርጎ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ይረገጥበታል፤ ማጠፉም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀስ በቀስ ይጀመራል። ያለዚያ ጉልበቱ ይደርቃል።

ሆስፒታሉን ስትለቁ ደግሞ የገባው ብረት ዓይነትና ልኬት የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ብሎን የሚፈታው በልኩ በተሠራ መፍቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም ሊያወጣው ቢፈልግ፣ የትኛውን መፍቻ ይዞ መግባት እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።