«ለዝቅተኛ መኪና ይሆናል» የሚባለውን ክሪክ ሳትለኩ እንዳትገዙ

ወገኖች፣ ሰሞኑን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ያወጣሁት ብር ይሁን፣ ይቅር። የታናሽ ወንድሜ እግር ነው እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ።

የምነዳው ቪትዝ ነው። ጋራዥ መመላለሱ ሲሰለቸኝ ዘይቱንም የፍሬን ሸራውንም ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልቀይር ብዬ ተነሳሁ። ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ የሚገፋ ክሪክና ሁለት የብረት መቆሚያ (የተነሳው መኪና የሚያርፍበት) አንድ ላይ በ9 ሺህ ብር ለጥፏል። «3 ቶን፣ ለዝቅተኛ መኪና፣ ቁመቱ 8 ሴንቲ ብቻ» ይላል። ሌላ ቦታ ስጠይቅ ክሪኩ ብቻውን ከዚያ በላይ ነበርና ደስ አለኝ። መንገድ ዳር ተገናኝተን ብሩን ሰጠሁ፣ ካርቶኑን ተቀበልኩ። ደረሰኝ የለም። ካርቶኑንም እዚያው አልከፈትኩትም።

ቤት ገብቼ ክሪኩን በፊት በኩል ላስገባ ስል ፓራውልቱን መታና ቆመ። መኪናዬ ዙሪያውን ፕላስቲክ ስለተገጠመለት ከፓራውልቱ ሥር እስከ መሬት 13 ሴንቲ ነው። ሜትር አምጥቼ ክሪኩን ለካሁት። ጭራሽ ወርዶ 14 ሴንቲ! 8 የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ሁለት ወፍራም ጣውላ አንጥፌ የፊት ጎማዎቹን በላያቸው ነዳሁና ክሪኩን አስገባሁት። መቆሚያዎቹን ሳወጣ ደግሞ የአንደኛው እግር ብየዳ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ በመሃሉ የእስክሪብቶ ጫፍ ይገባል። አላመንኳቸውምና ሁለቱንም ወደ ጎን አስቀመጥኳቸው። «ቶሎ ጨርሰን እናወርደዋለን» ተባባልን። አንዱን ጎማ ፈታን። ወንድሜ የወደቀ ቡሎን ሊያነሳ እግሩን ከበሩ ሥር ዘርግቶ ተቀምጧል። እኔ የማየው የፍሬኑን ዲስክ ነው። ዲስኩ ቀስ እያለ ወደ መሬት እየቀረበ መሆኑን ያወቅኩት ወንድሜ «መኪናው እየወረደ ነው!» ብሎ ሲጮህ ነው። እግሩን ሰበሰበ፣ ወዲያው መኪናው ዱብ አለ። ያተረፈን የፈታነው ጎማ ነው። ከመኪናው ሥር አስተኝተነው ስለነበር እሱ ላይ አረፈ። ተመስገን።

በኋላ ክሪኩን ገልብጬ ሳየው ከፒስተኑ ዙሪያ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ክብደቱን የተሸከመው ያ ዘይት ነው። ጎሚኒው ካሳለፈ ወይም የማውረጃው ቫልቭ በደንብ ካልዘጋ መኪናው ያለ ምንም ምልክት ይወርዳል። ይሄ ደግሞ በርካሽ ክሪክ ላይ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ምርጡም ክሪክ ቢሆን ሥራው ማንሳት ነው፣ ይዞ መቆየት የመቆሚያው ነው። እባካችሁ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እግራችሁንም እንዳታስገቡ።

አሁን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ «3 ቶን» የሚለውን ወረቀት እርሱት። ቪትዝ ጠቅላላ ክብደቱ 1 ቶን ገደማ ነው፣ ትክክለኛ 2 ቶን ክሪክ ይበቃዋል። የሚለካው ቁመቱ ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጭራሽ ሲወርድ ስንት ነው፣ ጭራሽ ሲወጣ ስንት ነው፣ የመቆሚያው ዝቅተኛ ቁመትስ? ክሪኩ የሚያነሳው ከመቆሚያው ቁመት ካልበለጠ መቆሚያው ሥሩ አይገባላችሁም፣ ዋጋ የለውም። ያ እንደ ጠርሙስ የቆመው ክሪክ ደግሞ ወርዶም 20 ሴንቲ አካባቢ ስለሆነ ለአይሱዙ ነው የሚሆነው። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ክፍያ ሳትፈጽሙ የራሳችሁን መኪና አንሱበትና 10 ደቂቃ ቁሙ፣ ከመሬት እስከ በሩ ጠርዝ ለክታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። አይሆንም ካለ ትታችሁት ሂዱ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ፤ እኛ ግቢ ኮብልስቶን ነው። የሚገፋ ክሪክ ክንዱ ሲነሳ ቅስት ስለሚሠራ መንኮራኩሮቹ ትንሽ ወደ መኪናው መንከባለል አለባቸው። ድንጋይ ለድንጋይ መሃል ከተያዙ መንከባለሉ ይቀራል፣ ጭንቅላቱ ይንሸራተታል። ወፍራም ላሜራ ወይም ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ነው መሥራት ያለባችሁ። በበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ካነሳችሁ ደግሞ ክሪኩ መቆሚያው የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዘዋል። ስለዚህ መኪናችሁ ከፊት መሃል ጠንካራ ማንሻ ቦታ ካለው በዚያ አንስታችሁ መቆሚያዎቹን በሁለቱ ጠርዞች አስገቡ። የመኪናው መመሪያ በጃፓንኛ ቢሆንም ሥዕሉ ይበቃል። የሞተሩን የዘይት መያዣ በክሪኩ በፍጹም እንዳትነኩት። ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ባትሪው ወለሉ ሥር ስለተነጠፈ መመሪያው ካመለከታቸው ቦታዎች ውጪ እንዳታነሱ። ታኮ ሳታደርጉም እንዳትጀምሩ። ቪትዝ ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ ኋላውን ካነሳችሁ እሱ ምንም አይዝላችሁም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ መቆሚያ የላከላችሁም እዩት። በ2020 እ.ኤ.አ. ሃርበር ፍሬይት የተባለው መደብር «ፒትስበርግ» የሚል ስም ያላቸውን የ3 እና የ6 ቶን መቆሚያዎች ጥርሳቸው በደንብ ላይነክስ ስለሚችል ከ1 ሚሊዮን በላይ እንዲመለሱ ጠርቷል። በምትካቸው ከሰጣቸው የ3 ቶኖቹ ውስጥም የብየዳ ችግር ተገኝቶ በዚያው ዓመት እንደገና ጠርቷል። እና ስሙ ከተጻፈባቸው ሞዴል ቁጥሩን አጣሩ።

ሻጩን ደወልኩለት። «ከእጄ ከወጣ አይመለስም» አለኝ፣ የለካሁበትን ፎቶ ስልክለት ብሎክ አደረገኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይፈቅዳል። ግን ያለ ደረሰኝ፣ ስሙን እንኳን ከማላውቀው ሰው ምን ይዤ ልከራከር? ደረሰኝ የማይሰጥ፣ ሱቁን የማያሳይ ሰው ጋ እንዳትገዙ የምለው ለዚህ ነው።

ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋትም በሌላ አካውንት ወጥቷል። ቀይ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰማያዊ ክሪክ ነው፣ ከጎኑ ሁለት ጥቁር መቆሚያ አለ። የገዛችሁ ካላችሁ በሱ መሥራት አቁሙና ቁመቱን ለክታችሁ ጻፉልኝ።