ኢንጅባራ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ፦ ውርንጭላ ሆዱ ሲደርቅ

ባዝራ 11 ወር ገደማ አርግዛ የምትወልደው አንድ ነው። ጥር 23፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ፈረሰኛው አደባባይ በሚወጣበት በኛ አገር አንድ ውርንጭላ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ኢንጅባራ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ለአርቢ ሁሉ የምመክረው ለዚህ ነው።

የኛዋ ወንድ ወለደች። ቶሎ ቆመ፣ እንገሩንም ጠባ። በማግስቱ ግን ጅራቱን እያወናጨፈ፣ ጀርባውን እያጎበጠ ያምጥ ጀመር። ምንም አይወጣውም። ጡት ይይዝና ይለቃል። ጎረቤቱ ሁሉ "ዘይት ጋቱት" አለ።

ሐኪሙ ገና በስልክ "በአፉ ምንም እንዳትሰጡት! ወደ ሳንባው ከገባ አታተርፉትም" አለን። በሞተር ብስክሌት ደረሰልን። መርፌ ለመውጋት አልቸኮለም፤ ይሄ ነው ደስ ያለኝ። ሙቀቱን ለካ። ድዱን በጣቱ ጫን አድርጎ ቀለሙ እስኪመለስ ጠበቀ። እንዴት እንደሚሸናም ጠየቀን፤ ፊኛው የተቀደደ ውርንጭላም እንዲሁ ያምጣል፣ የሱ መፍትሔ ደግሞ ቀዶ ጥገና ነው። ከዚያ ጓንት አጥልቆ በጣቱ ሲዳስስ ድርቁን አገኘው።

የዘጋው በእናቱ ሆድ ሳለ የተጠራቀመው የመጀመሪያ ፋንድያ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ መውጣት ነበረበት። ወንዶቹ ዳሌያቸው ጠባብ ስለሆነ ይብስባቸዋል አለን። ለብ ባለ ውሃ ለስላሳ ሳሙና በጠበጠ። ቀጭን ቱቦ ቅባት ቀብቶ ቀስ ብሎ በፊንጢጣው አስገባ፣ ውሃውን ከፍ አድርጎ ይዞ በራሱ እንዲወርድ ለቀቀው። በግፊት ቢሆን ስሱን አንጀት ይጎዳል። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር፣ እንደ ቅጥራን የሚያጣብቅ እንክብል ወጣ። በኋላ ቢጫው ለስላሳ ተከተለ። "ቢጫው ከመጣ ተከፍቷል" አለ። ውርንጭላው ወዲያው እናቱ ሥር ገባ።

ሳምንት ሲሞላው ደግሞ ተቅማጥ ያዘው። በስልክ "በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ እየጠባና እየቦረቀ ከሆነ መድኃኒት አያሻውም። ከጅራቱ ሥር እያጠባችሁ ቫዝሊን ቀቡት። መጥባት ካቆመ ግን ሌሊትም ቢሆን ደውሉ" አለን። በራሱ ተወው።

ክፍያው አይጎዳም። ቅር ያለኝ የመድኃኒት ክፍሉ ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን ግሉኮስ እንኳ አልነበረም፣ ከግል ፋርማሲ ነው የገዛነው። ባዝራ ያላችሁ፣ ከመውለጃዋ በፊት የሐኪሙን ስልክ ያዙ።