ሦስተኛ ወገን፣ ሙሉ ሽፋን ወይስ የቤት መድን፦ ጎጃም ላይ ሆኖ ለሚመርጥ

ጎረቤቴ ሚኒባሱን ከቡሬ ይዟት ሲመጣ የግራ በሯ ተበስቷል፤ የኋላ መስታወቷ ረግፏል። ተኩስ መሃል ገብታ ነው። እሱም ተሳፋሪዎቹም ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማታ ደብረ ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠን የመድን ውሉን ከፈትነው። ሁልጊዜ «እኔ ሙሉ ኢንሹራንስ ነው ያለኝ» ይል ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንቀጽ አለ። ጦርነት፣ አመፅ ወይም ሁከት «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ» ያደረሰው ጉዳት አይካስም ይላል። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የጥገናውን ከኪሱ ከፈለ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የማስገልጠው ያንን ገጽ ነው። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ ስንት ነው የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሦስተኛ ወገን ወይስ ሙሉ?

ሦስተኛ ወገን ምርጫ አይደለም፤ በሕግ ግዴታ ነው። የሚከፍለውም እናንተ ለጎዳችሁት ሰው ወይም ንብረት ነው። ለራሳችሁ መኪና አምስት ሳንቲም የለውም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ የካሳው ጣሪያ ለሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና 2,000 ብር ነበር። ዛሬ የአንድ አዲስ መኪና የፊት መብራትና ፓራውልት ስንት እንደሚጠየቅ ጋራዥ የደረሰ ሰው ያውቀዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ የመኪና ባለቤትን ባያጠፋም ተጠያቂ ያደርገዋል። ከጣሪያው ያለፈው ዕዳ የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ስትፈርሙ በዚያ ቀን የሚሠራውን ጣሪያ በቁጥር አስጽፉ፤ ጨምሮ መግዛት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ።

ለአሮጌ ባጃጅ ወይም ከከተማ ለማትወጣ ያረጀች መኪና ጣሪያው ከፍ ያለ ሦስተኛ ወገን ይበቃል ባይ ነኝ። እሳትና ስርቆት የተጨመረበት መካከለኛ ውል ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ። የቤተሰብ እንጀራ የሆነችን ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ግን የራሷን ጉዳት ጭምር የሚክስ ሙሉ ሽፋን ሳይኖራት ዓባይ በረሃ ማስወረድ አይገባም።

ሁለት «ሙሉ» ውሎች ጎን ለጎን

ሙሉ የተባሉ ሁለት ውሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው ልዩነት የተጻፈው ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። መኪናና መለዋወጫ አብሮ ወጣ። ውሉ ላይ ያለው ዋጋ ግን የድሮው ከሆነ ችግር አለ። መኪናችሁ ዛሬ 2,400,000 ብር ታወጣለች እንበል፤ ውሉ ላይ ያለው 1,200,000 ነው። የ300,000 ብር ጉዳት ቢደርስ መድኑ «ግማሹን ነው ያስገባኸው» ብሎ 150,000 ብር ይሰጣል። ከዚያም ላይ ኤክሰሱን፣ ማለትም ከጉዳቱ ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመውን ድርሻ፣ ይቀንሳል። አረቦን ለመቆጠብ ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ የሚያስከትለው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ጎረቤቴን የጎዳው ነው። ተጨማሪ ከፍሎ የሚገዛ ሽፋን አለ፤ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው ለአድማና ለሁከት ነው፤ ሰልፍ ላይ በተወረወረ ድንጋይ መስታወት እንደመሰበር ያለውን ይመለከታል። ሌላው የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባለው ነው። ሰፋ ይላል፤ ዋጋውም ይወደዳል። እሱም ቢሆን የታጠቁ ኃይሎች ሲዋጉ የሚደርሰውን ጉዳት መያዝ አለመያዙ ከውል ውል ይለያያል። እኛ ጋ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሚያሳስበው ደግሞ ይኸው ነው። «ተኩስ መሃል የገባች መኪና ትካሳለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሽያጭ ሠራተኛው የቃል ማረጋገጫ ካሳ ክፍል ሲደርስ አይቆጠርም።

የመጎተቻ ወጪም ላይ ብዙ ውል ገደብ አለው። ደጀን ቁልቁለት ላይ የቆመች መኪና እስከ አዲስ አበባ ጋራዥ ስትጎተት ገደቡ ወዲያው ያልቃል። በጥር 2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ የገዛችሁም አላችሁ። ባትሪው በስም ተጠቅሶ መሸፈኑን እዩ፤ የዋጋዋ ትልቁ ድርሻ እሱ ነው።

ቤትስ?

መሠረታዊው የቤት መድን እሳትና መብረቅ ነው። በጮቄ ተራራ ግርጌ ክረምቱን ያሳለፈ ሰው መብረቅ ለምን እንደሚጠቀስ አይጠይቅም። ጎርፍ፣ ማዕበልና ስርቆት ግን ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ናቸው። የእንጨትና ጭቃ ቤት ከብሎኬት ቤት በላይ አረቦን ይጠየቅበታል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይቀበለውም። የቤቱን ዋጋ ስትሞሉ የመሸጫውን አትጻፉ። መሬቱ አይቃጠልም። መልሶ ለመሥራት ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮውና የእጅ ዋጋው ዛሬ ስንት ይፈጃል? እሱን ጻፉ።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ፀጥታው ሲደፈርስ ብዙ ቤተሰብ በር ቆልፎ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ዘመድ ጋ ይሰነብታል። ብዙ የስርቆት ውል ግን ቤቱ ለተከታታይ ቀናት፣ በተለምዶ 30 ቀን፣ ባዶ ከሆነ ሽፋኑን ያቆማል። ከመሄዳችሁ በፊት ለመድኑ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ ይኑራችሁ። ቤታችሁ ለባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ ደግሞ ካሳው ቀድሞ ለባንኩ ነው የሚሄደው። የዕቃችሁን መድን ለብቻው ግዙ።

ጎረቤቴ ዘንድሮ ውሉን ሲያድስ ጥያቄዎቹን አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ሦስት ቢሮ ዞረ። ርካሹ ቢሮ በጽሑፍ ሊመልስለት አልፈለገም። ሁለተኛው የተኩሱን ጥያቄ «አይካስም» ብሎ ፈርሞ መለሰ። ሦስተኛው አረቦኑን ጨምሮ የሚካስበትን ሁኔታ ዘርዝሮ ጻፈለት። እሱን ያዘ። ወረቀቱ አሁን ሚኒባሷ ውስጥ ከሊብሬው ጋር ነው።