የአማቴን ዘመዶች ከኖርዌይ ላገኘችልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ቤተሰባችን አራት ዓመት ሙሉ ሲደክምበት የቆየው ጉዳይ ባለፈው ወር መልካም መቋጫ አግኝቷል። ለዚህ ያበቃችንን ባለሙያ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። እንደ እኔ የኖርዌይ ዘር ካለው ቤተሰብ ጋር የተጋባችሁ ወገኖቼም እኛ ባለፍንበት መንገድ እንዳታልፉ ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

የምንኖረው በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። የባለቤቴ እናት የኖርዌይ ስደተኞች የልጅ ልጅ ናቸው፤ ይህም በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ከ1825 ጀምሮ (ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ 800,000 ያህል ኖርዌያውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረዋል፤ ብዙዎቹም የሰፈሩት በሚኒሶታና በአጎራባች ግዛቶች ነው። የአማቴ አያት የመጡት በ1882 ሲሆን፣ ያ ዓመት ከሁሉም ዓመታት ይልቅ ብዙ ሰው ከኖርዌይ የወጣበት ነበር።

ነገሩን ያስነሡት አባቴ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ፣ እንደ አገራችን ወግ ልጆቼን ሰባት ቤት ያስቆጥሯቸው ጀመር። በእኔ በኩል ያለውን ካስጠኗቸው በኋላ ወደ አማቴ ዞረው «የእርስዎንስ አባት ማን ወለዳቸው? እሳቸውንስ?» ሲሉ ጠየቁ። አማቴ የአያታቸውን ስም ጠሩና ዝም አሉ። በሰማንያ ዓመታቸው ከአያታቸው በላይ አንድም ስም እንደማያውቁ የተረዳሁት ያኔ ነው። አባቴ ነገሩን ለማለፍ ወዲያው ሌላ ጨዋታ አነሡ፤ አማቴ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው በማግሥቱ ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ የደረሰብንን እንግልት ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል። የመጀመሪያው ሰው ክፍያውን አስቀድሞ ተቀብሎ ስምንት ወር ካስጠበቀን በኋላ በወርቅማ ቀለም ያጌጠ የዘር ሐረግ ላከልን፤ አማቴን ከጥንት ነገሥታት ጋር ያዛምዳል፣ የአያታቸውን እናት ስም ግን ባዶውን ትቶታል። ሁለተኞቹ ስሙ ብቻ የሚመሳሰል ሌላ ሰው አምጥተው «እሳቸው ናቸው» አሉን። አማቴ አምነው፣ በእጃቸው ጽፈው፣ ለዚያ ሰው የልጅ ልጆች ደብዳቤ ላኩ። የመጣው መልስ ትሕትና የተሞላበት ቢሆንም «የእኛ አያት ከአገር ወጥተው አያውቁም» የሚል ነበር። ሌላው ደግሞ «እንዲህ ያለ የቤተሰብ ስም በደብሩ መዝገብ ውስጥ የለም፤ ሰውየው ስሙን ቀይሮ የሸሸ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። አንዲት አዛውንት ስለ አያታቸው እንዲህ ያለ ቃል ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው ያሰበ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ የአማቴ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ዊስኮንሲን ውስጥ ማዲሰን ከተማ ወደሚገኘው የኖርዌይ አሜሪካውያን የዘር ሐረግ ማዕከልና ኔሴት ቤተ መጻሕፍት መሩን። ማዕከሉ ከ1974 ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ የቆየ ነው። ጉዳያችንን የያዘችው ባለሙያ ስሟ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቀችን አልጽፈውም፤ በዕድሜ ታናሽ እኅቴ የምትሆን ወጣት ናት። ስለ ገንዘብ ከመናገሯ በፊት አማቴ ከአባታቸው የሰሙትን ሁሉ እንዲያጫውቷት ጠየቀቻቸው፤ አንድ ሰዓት ሙሉም ሳታቋርጣቸው አዳመጠች። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ የወጣው የአገር ስም «ቫልድረስ» የሚለው የኖርዌይ አካባቢ ስም ብቻ ነበር። እሷ ግን በዚህ ተነሥታ አያትየው እዚህ አሜሪካ ያገቡበትን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፈልጋ፣ የተወለዱበትን ደብር ስም ከዚያ አገኘችው።

የስሙን እንቆቅልሽ የፈታችልንን ቀን መቼም አልረሳውም። በኖርዌይ ገጠር ሰው ይጠራ የነበረው በአባቱ ስም ነው፤ የኦሌ ወንድ ልጅ ኦልሰን፣ ሴት ልጁ ደግሞ ኦልስዳተር ትባላለች። በዚያ ላይ የሚኖርበት እርሻ ስም ይጨመራል፤ ቦታ ሲቀይር ይህም አብሮ ይለወጣል። ቋሚ የቤተሰብ ስም መያዝ በሕግ የታዘዘው በ1923 ነው። «በአባት ስም መጠራት የእኛም አገር ወግ ነው!» አልኳት ሳላስበው። እሷም ደስ ብሏት የእኛን አጠራር ለአማቴ እንዳስረዳቸው ጠየቀችኝ። ከአሥር ዓመት በላይ «የአንቺና የአባትሽ የመጨረሻ ስም ለምን አይገጥምም?» ሲሉኝ የኖሩት አማቴ ያን ቀን እኔንም አያታቸውንም በአንድ ጊዜ ተረዱን። አያትየው ከማንም አልሸሹም፤ አሜሪካ ሲደርሱ የተወለዱበትን ቦታ ስም ያዙ። አገር ቤት የቀረው ወንድማቸው ወደ ሌላ እርሻ ተዛውሮ የዚያን ስም ያዘ፤ የእሱ ልጆችም እስከ ዛሬ በዚያው ይጠራሉ። ቀደም ሲል ገንዘባችንን የተቀበሉት ሁሉ ይህን ሳያውቁ ነበር የሚፈልጉት።

አንድ ምሽት ለአማቴ ደወለችና «ልጆችዎ አጠገብዎ አሉ?» ብላ ከጠየቀች በኋላ፣ ለእኔ አንድም ፊደል ከማይነበበኝ የ1865 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ቀስ ብላ ታነብላቸው ጀመር። አባት፣ በሰው መሬት ላይ የሚኖር ጭሰኛ። እናት። ሦስት ልጆች፤ የመጨረሻው የአማቴ አያት፣ ገና ሕፃን። ቆጣሪው ከብቱንና ዘሩንም መዝግቦ ነበርና አንዲት ላም፣ አራት በጎች፣ ጥቂት ገብስና ድንች አለች። በወተት ከብት እርሻ ላይ ያደጉት አማቴ አንዲቷ ላም ላይ ሲደርሱ አለቀሱ። ባለሙያዋ አላቻኮለቻቸውም፤ እስኪረጋጉ ስልኩን ይዛ ዝም ብላ ጠበቀች። ለዚህ ትዕግሥት የሚያስከፍል ደረሰኝ አላየሁም።

በሕይወት ያሉትን ዘመዶች ባገኘቻቸው ጊዜም አድራሻቸውን ዝም ብላ አልሰጠችንም። አስቀድማ በቋንቋቸው ጽፋ፣ ልናነጋግራቸው ይፈቅዱ እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። በሦስተኛው ሳምንት የወንድምየው የልጅ ልጅ ፈቃዳቸውን ከረጅም ደብዳቤ ጋር ላኩ። የአያትየው ደብዳቤዎች በ1911 ስለ ተቋረጡ ቤተሰቡ እንደ ሞቱ ቆጥሮ አዝኖ ነበር። እሳቸው ግን እስከ 1938 ኖረዋል። አማቴ ይህን ሲሰሙ «ሃያ ሰባት ዓመት በሕይወት ላለ ሰው አዘኑ» አሉና ያን ዕለት ሌላ ቃል አልተናገሩም። አሁን ሁለቱ አረጋውያን በየእሑዱ ይደዋወላሉ።

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ የምትፈልጉት የኖርዌይ ዘር ከሆነ ወደዚህ ማዕከል ሂዱ። በወርቅማ ወረቀት አትታለሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ የውስጥ ገጽ፣ የቆዩ ደብዳቤዎችን፣ የጥምቀትና የጋብቻ ወረቀቶችን ሰብስቡ፤ ከሁሉም በላይ ሽማግሌዎቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ አንዲት የአገር ስም ትበቃለች። ክፍያውን አስቀድመው በግልጽ ይነግሯችኋል፤ እኛ ከተነገረን በላይ አንዲት ሳንቲም አልከፈልንም።

ውድ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ልጆች ይውጡልሽ። ልጆቼ በአባታቸው በኩል ስድስት ቤት ቆጥረው ለአባቴ በስልክ አሰምተዋቸዋል። ሰባተኛውን እየፈለግሽው እንደ ሆነ ስነግራቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው መርቀውሻል።